ሳቅን ማቃናት፦ ለባልደረባ አስቂኝ ጭውውት የሚሰጥ ገንቢ አስተያየት

አጠቃሎ

አስቂኝ ጭውውት በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲና በበዓላት መድረክ በብዛት ከሚቀርቡ የተውኔት ዓይነቶች አንዱ ነው። ረቂቁ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባልደረቦች የሚሰጡት አስተያየት ግን ብዙውን ጊዜ «ጥሩ ነው» ወይም «አያስቅም» ከሚል ፍርድ አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአስቂኝ ጭውውት የሚሰጥ አስተያየት ከሌላው የድርሰት አስተያየት የሚለይበትን ምክንያት ማብራራትና የሚረዳ አሠራር ማመልከት ነው። ማብራሪያው በአስተያየት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን፣ የኢትዮጵያን የኮሜዲ ታሪክና ለምሳሌነት የተዘጋጀ አንድ ምናባዊ ረቂቅ መሠረት አድርጎ ይቀርባል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ጠቃሚ አስተያየት ሳቁ የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ጠፋና በማን ላይ እንዳረፈ የሚገልጽ ምስክርነት እንጂ ስለ ደራሲው ችሎታ የሚሰጥ ብይን አይደለም የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ጭውውት፣ ኮሜዲ፣ አስተያየት፣ ሂስ፣ ጥብቀት፣ ወላይታ

መግቢያ

በወላይታ ዞን ቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከአረካ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ዱቦም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች ወጣት ደራሲ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚያቀርበው በአብዛኛው በጭውውት አማካይነት ነው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የወላጆች ቀን፣ የክበባት ዝግጅትና እንደ ጊፋታ ያለ በዓል መድረኩን ያዘጋጃሉ። ጽሑፉ አጭር፣ ወጪው አነስተኛ፣ ተመልካቹም ቅርብ ነው።

ይህ ቅርበት አስተያየት መስጠትን ያከብዳል። አስተያየት ሰጪውና ደራሲው የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች ወይም ዘመዳሞች ናቸው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ብሂል እንደሚያመለክተው፣ ሥራን መንካት ባለቤቱን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ስለዚህ ባልደረባው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ በይሉኝታ ተይዞ ያወድሳል፣ ወይም ደግሞ በረቂቁ ላይ ራሱ ቀልድ ፈጥሮ ያፌዛል። በመጀመሪያው መንገድ ደራሲው ስሕተቱን መድረክ ላይ ቆሞ በዝምታ መካከል ይማረዋል። በሁለተኛው ደግሞ ሁለተኛ ረቂቅ የማምጣት ድፍረቱን ያጣል።

ከእገዳ እስከ ግምገማ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ተውኔት ታሪክ የሚጀምረው በኮሜዲ ነው። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ሥራ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አቀረቡ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ጊዜው አስተዳደር ድክመት መሆኑን ለመረዳት ተመልካቹ አልተቸገረም። የተሰጠው ምላሽም እገዳ ነበር። ቴአትር ወደ መድረክ የተመለሰው ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ኮሜዲ ያገኘው ይፋዊ ምላሽ የትኛው ትዕይንት እንደ ሠራና የትኛው እንዳልሠራ የሚገልጽ አልነበረም፤ ሥራውን በሙሉ የሚዘጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘመናትም ለአስተያየት የሚያገለግሉትን ቃላት አክብደዋቸዋል። «ሂስ» በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የአንድን ሥራ ጥንካሬና ድክመት መመርመር ነው። በደርግ ዘመን ግን «ሂስና ግለ ሂስ» በሚል ጥምረት የፖለቲካ ስብሰባ ሥርዓት ሆኖ፣ ሰው በጓዶቹ ፊት ጥፋቱን የሚናዘዝበትን መድረክ ሰየመ። በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ» ተመሳሳይ ትርጉም ተሸከመ፤ ስለ ሥራ ተጀምሮ በሰው ባሕርይና ሹመት ላይ የሚያበቃ ስብሰባ መጠሪያ ሆነ። አንድ የክበብ መሪ «አሁን ጭውውቱን እንገምግመው» ሲል ይህን ሁሉ ላያስብ ይችላል። ቃሉ ግን በአድማጩ ጆሮ ተከሳሽና ከሳሽ ያለበትን ጉባኤ ይጠራል።

«አስተያየት» የሚለው ቃል ከዚህ ሸክም በአንጻሩ ነጻ ነው። ሥሩ «አየ» ከሚለው ግስ የሚመዘዝ በመሆኑም ለጉዳዩ ተስማሚ ነው፤ አስተያየት ሰጪው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ያየውን እንዲናገር ነውና።

ጥናቶች የሚያሳዩት

አስተያየት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው እምነት በጥናት አልተደገፈም። ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ጥንቅር 607 የውጤት መለኪያዎችን መርምረው ነበር። በአማካይ አስተያየት የሥራን ውጤት ያሻሽላል፤ ነገር ግን ከሲሶ በላይ በሆኑት መለኪያዎች ውጤቱን ዝቅ አድርጎታል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ አስተያየቱ የተቀባዩን ትኩረት ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት ባዞረ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። ሃቲና ቲምፐርሊ በ2007 ያቀረቡት ትንተናም ስለ ሥራው፣ ስለ አሠራሩና ሠሪው ራሱን ስለሚመራበት መንገድ የሚሰጠውን አስተያየት፣ ስለ ሰውየው ከሚሰጠው ለይቶ የመጨረሻውን እጅግ ደካማ ሆኖ አግኝቶታል።

ይህ ግኝት ለውዳሴም ለነቀፋም ይሠራል። «አንተ ተፈጥሮህ ቀልደኛ ነው» እና «አንተ ቀልድ አይሆንልህም» ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ስለ ሰው የተሰጡ ብይኖች ናቸው። ሁለቱም ደራሲው በሦስተኛው ገጽ ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግሩትም።

የሳቅ ልዩ ጠባይ

አስቂኝ ጭውውትን ከሌላ ድርሰት የሚለዩት ሦስት ጠባዮች አስተያየት ሰጪው ሊያውቃቸው ይገባል።

አንደኛው፣ ሳቅ በጊዜ የሚለካ መሆኑ ነው። ቀልድ መንደርደሪያና መቋጫ አለው። መንደርደሪያው በተመልካቹ አእምሮ አንድ ግምት ያቆማል፤ መቋጫው ያን ግምት ይሰብራል። መንደርደሪያው ከረዘመ ተመልካቹ መቋጫውን ቀድሞ ይደርስበታል፤ ካጠረ ደግሞ የሚሰበር ግምት አይኖርም። ስለዚህ ባልሠራ ቀልድ ውስጥ ሕመሙ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሳቁ በቀረበት መስመር ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት መስመሮች ነው። «ይህ መስመር አያስቅም» የሚል አስተያየት ስሕተቱን በሌለበት ቦታ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ሳቅ የጋራ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ቤርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ በጻፈው ሥራው ሳቅ ማኅበራዊ ድርጊት እንደ ሆነና አብሮ የሚስቅ ቡድን እንደሚፈልግ አስረድቷል። ብቻውን ተቀምጦ ረቂቅ የሚያነብ ባልደረባ አለመሳቁ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው፣ በወዳጆች መካከል የሚሰማ ሳቅም ሁልጊዜ አይታመንም። «ጥርስ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ሰው ሳይፈልግም ለጨዋነት ሲልም ይስቃል።

ሦስተኛው ከፊደል ጋር ይያያዛል። በአማርኛ የፊደል ጥብቀትና መላላት ትርጉም ይለያል፤ የተለመደው አጻጻፍ ግን ይህን አያመለክትም። ለምሳሌ ያህል፣ ትምህርት ቤት ለወላጅ በላከው ደብዳቤ ላይ «ልጅዎ ይመታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር፣ ላልቶ ሲነበብ ልጁ ሌሎችን እንደሚመታ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ልጁ እንደሚደበደብ ይገልጻል። አባት ለልጁ ጥብቅና ሊቆም እየፎከረ ሲመጣ፣ መምህሩ ደግሞ ይቅርታ ሊጠየቅ ሲጠብቅ አንድ ሙሉ ጭውውት ይወጣዋል። ይህን ረቂቅ በዝምታ ያነበበ ሰው ግን አንዱን ንባብ ብቻ ይዞ ቀልዱን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ወላይትኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ጥብቀት ፊደሉን በመደጋገም ስለሚታይ እንዲህ ያለው ድብቅ ፍች በወረቀት ላይ ይጋለጣል። በሁለቱም ቋንቋዎች የሚጽፍ የወላይታ ደራሲ አንዱ ቋንቋ የሚሰጠውን የሳቅ ዕድል ሌላው ላይሰጠው እንደሚችል ባልደረባው ማስተዋል አለበት።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው፤ የጭውውት ረቂቅ ጮክ ተብሎ መነበብ ይኖርበታል። ይህ ለሀገሩ እንግዳ ልማድ አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናለታል። እርማቱ በጆሮ የሚሰጥ ነው። ሰምና ወርቁን መለየት የሚችለው የሰማ ነውና።

አንድ ምሳሌ፦ «አንድ ሰው ብቻ ቀረ»

ከላይ የተባለውን በተግባር ለማሳየት የሚከተለው ምናባዊ ረቂቅ ይረዳል። ቦታው የሶዶ መናኸሪያ ነው። ዱቦ ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን ሊጠይቅ የሚቸኩል አንድ ጎልማሳ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» እያለ ወደሚጠራበት ሚኒባስ ይገባል። መኪናው የሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን አይንቀሳቀስም። ጎልማሳው ጎረቤቱን ቢጠይቀው፣ ሰውየው ተሳፋሪ እንዳልሆነና መኪናው የሞላ እንዲመስል ተከፍሎት እንደ ተቀመጠ ይነግረዋል። ሌላውን ቢጠይቅ መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ እውነተኛው ተሳፋሪ እርሱ ብቻ መሆኑን ሲረዳ ረዳቱን ይቆጣል። ረዳቱም ሳይደናገጥ፣ «መቼ ዋሸሁ? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ሹፌሩ!» ይላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው መስመር በመጀመሪያው ጥሪ ውስጥ የተሸሸገውን ሁለተኛ ፍች ያወጣል። ረቂቁ ግን ሦስት ችግሮች አሉበት እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች የጎልማሳውን የተሰባበረ አማርኛ በማሳቂያነት የሚጠቀሙ ናቸው። የረዳቱ ጥሪ የሚሰማው አንድ ጊዜ፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከመቋጫው በኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ማታለል መጥፎ እንደ ሆነ ለግማሽ ገጽ ይመክራሉ።

«መጨረሻው አላሳቀኝም» የሚል ባልደረባ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ደራሲው መቋጫውን እንዲሰርዝ ይገፋፋዋል፤ የረቂቁ ምርጥ መስመር እርሱ ሆኖ ሳለ። ገንቢው አስተያየት ሌላ መልክ አለው፦ «ረዳቱ ‹ሹፌሩ› ሲል የመጀመሪያውን ጥሪ ረስቼው ነበር፤ መለስ ብዬ ሳስታውስ ግን ሳቅሁ።» ይህ አስተያየት ፍርድ የለበትም፤ በሰሚው አእምሮ የሆነውን ብቻ ይመሰክራል። ደራሲው ግን ጥሪው በመካከል መደጋገም እንዳለበት ከዚህ በራሱ ይደርስበታል፤ አንድ ጊዜ ጎልማሳው ሲገባ፣ አንድ ጊዜ መውረድ ሲፈልግ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር ከተጋለጠ በኋላ። መፍትሔውን ራሱ ስላገኘው የራሱ ሆኖ ይቀራል።

የሽማግሌውን ምክር በተመለከተም እንዲሁ ነው። የትምህርት ቤት ጭውውት በትምህርት እንዲደመደም መፈለጉ የቆየ ልማድ ነው፤ በተለይ በጤናና በሲቪክ ትምህርት ክበባት ጭውውቱ መልእክት ማድረሻ ሆኖ ኖሯል። ባልደረባው ልማዱን መንቀፍ አያስፈልገውም። «ተመልካቹ ከሹፌሩ መስመር በኋላ ያልተረዳው ምን ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ንግግሩ ይወጣል። የሚቀር ነገር ካለ ደግሞ ጉድለቱ ያለው በትዕይንቱ ውስጥ ስለሆነ በምክር አይሞላም።

ሳቁ በማን ላይ ያርፋል?

ሦስተኛው ችግር፣ የተሰባበረው አማርኛ፣ ከሁሉም የከበደው ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ወይም ከገጠር የመጣ ሰው አነጋገር በአማርኛ ጭውውቶች የተለመደ የሳቅ ምንጭ ነው። ወጣቱ ደራሲ ራሱ የወላይታ ተወላጅ ቢሆንም ይህን ዘዴ ከሰማቸውና ካያቸው ጭውውቶች ወስዶ በገዛ አባቱ አነጋገር ላይ ሊያውለው ይችላል። ሳቅም ያገኝበታል። ችግሩን ለመናገር የሚያስቸግረውም ሳቅ ማግኘቱ ነው።

ባልደረባው እዚህ ላይ ዝም ቢል ጉዳቱ በተመልካች ወንበር ላይ ይቀራል፤ ልጁን ሊያይ ከዱቦ የመጣ፣ እንደዚያ የሚናገር አባት እዚያ ተቀምጧልና። «ሕዝብህን ሰደብህ» ቢል ደግሞ አስተያየቱ ወደ ሰውየው ማንነት ይዞራል፤ ክሉገርና ዴኒሲ ያመለከቱት አደጋ ይደርሳል። የሚሻለው መንገድ ጉዳዩን ወደ ሥራው መመለስ ነው። በዚህ ረቂቅ ውስጥ አታላዩ ረዳቱ ነው፤ የጭውውቱ ሙሉ ጉልበት የሚመነጨው ከእርሱ ውሸት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ግን ተመልካቹ በተታለለው ላይ እንዲስቅ ያስለምዱታል። ስለዚህ መቋጫው ሲመጣ ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ክብርን የሚነካው ቀልድ በዚህ ረቂቅ የአሠራር ጉድለትም ነው።

አስተያየቱም በጥያቄ ሊቀርብ ይችላል፦ «ጎልማሳው ከጎረቤቱ ጋር በወላይትኛ ቢነጋገርና ረዳቱ ቋንቋውን ባይሰማ ምን ይፈጠራል?» ቋንቋው ያን ጊዜ ምሥጢር መለዋወጫ ይሆናል፤ ረዳቱም በገዛ መኪናው ውስጥ የሚባለውን የማያውቅ ብቸኛ ሰው ይሆናል። ደራሲው ይህን መንገድ ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። ጥያቄው ግን በር ይከፍትለታል።

በዚህ ረገድ የመንግሥቱ ለማ ሥራዎች ጥሩ አብነት ናቸው። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኙት የ1950ዎቹ ኮሜዲዎቹ ለሳቅ ያቀረቡት በዋናነት ያልተማረውን ገጠሬ ሳይሆን በዘመናዊነትና በልማድ መካከል የሚዋልለውን የተማረ ከተሜ ነበር። በለንደን የተማረው ደራሲ የገዛ መደቡን ለሳቅ አሳልፎ ሰጠ። ባልደረባን ለመምከር ከስብከት ይልቅ እንዲህ ያለ አብነት ማሳየት ይቀላል።

የውይይቱ ቅደም ተከተል

አሜሪካዊቷ የውዝዋዜ ባለሙያ ሊዝ ለርማን ከ1990 ጀምሮ ያዳበረችው የውይይት ሥርዓት አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ተመልካቾች ትርጉም የሰጣቸውን ወይም የነካቸውን ነገር ይናገራሉ። ቀጥሎ ባለሥራው ጥያቄ ያቀርባል። ሦስተኛ ተመልካቾች ፍርድ ያልተሸሸገበት ጥያቄ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ፣ ባለሥራው ከፈቀደ ብቻ፣ አቋም ያለው ሐሳብ ይሰጣል። ይህ ሥርዓት ለጭውውት እንዲስማማ ጥቂት ማሻሻያ ይፈልጋል።

ከውይይቱ በፊት ረቂቁ ከደራሲው ሌላ በሆኑ ሰዎች ጮክ ተብሎ ይነበብ። ደራሲው ራሱ ካነበበ በድምፁ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ሲነበብ አንድ ሰው በረቂቁ ኅዳግ ላይ ሳቅ የተሰማበትን፣ ፈገግታ ብቻ የታየበትንና ዝምታ የወረደበትን መስመር ምልክት ያድርግ። ይህ መዝገብ ከንባብ በኋላ ከሚሰጥ ትዝታ ይበልጣል፤ ይሉኝታም ብዙ አይነካውም።

ከዚያ ደራሲው መጀመሪያ ይጠይቅ። «ያስቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውዳሴን ይለምናል፤ «ሹፌሩ አለመኖሩን ቀድሞ የገመተ አለ?» የሚለው ግን መልስ ያመጣል። ባልደረቦችም ምስክርነታቸውንና ጥያቄያቸውን ያቅርቡ። የራሳቸውን ቀልድ ለመጨመር የሚመጣባቸውን ፈተና ግን ይቆጣጠሩ። ቀልድ አዋቂዎች በተሰበሰቡበት ረቂቁ ቶሎ የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የመጨረሻው ደረጃ፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሐሳብ፣ ስለ አነጋገር፣ ስለ ብሔር፣ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሃይማኖት ለሚነሡ ቀልዶች በተለይ ያገለግላል። ፈቃድ መጠየቁ ሐሳቡን አያለዝበውም፤ ሰሚውን ያዘጋጀዋል።

ማጠቃለያ

አሠራሩ ወሰን አለው። በአራትና በአምስት ባልደረቦች ፊት የሠራ ቀልድ በሶዶ አዳራሽ ላይሠራ ይችላል፤ በዱቦ የሚያስቀውም ለአዲስ አበባ ተመልካች እንግዳ ሊሆን ይችላል። ምልክት የተደረገበት ረቂቅ ተመልካቹን አይተካም። ደራሲው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ የሚችለውን ያህል እንዲያውቅ ግን ይረዳዋል።

የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ክበባትን የሚመሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን ከዚህ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ሊወስዱ ይችላሉ። ረቂቁ በጆሮ ይሰማ። አስተያየቱ በመስመር ላይ እንጂ በሰው ላይ አይረፍ። ሳቁ የተገኘበት መንገድም እንደ መጠኑ ሁሉ ይመርመር። በዚህ መንገድ የተመከረ ደራሲ ሁለተኛውን ረቂቅ ይዞ የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው። የአንድ ክበብ አስተያየት የሚለካውም በተሰጠበት ዕለት በተሰማው ስምምነት ሳይሆን በሚቀጥለው ስብሰባ በቀረበው ሁለተኛ ረቂቅ ነው።